የመጅሊሳችን ወንበር የት ይሁን?

 

ከዒሻ ሶላት በኋላ በምናደርጋቸው ውይይቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። የካቶሊኮች የበላይ አካል የሆነችው ቅድስት መንበር ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቋሚ ታዛቢ ናት። አዲስ አበባ የሚቀመጠው የጳጳሱ እንደራሴም በአፍሪካ ኅብረት ይወክላታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአገራችን ካቶሊኮች 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ሙስሊሞች ግን 34 በመቶ ገደማ ነን። ታዲያ መጅሊሳችን በእስልምና ትብብር ድርጅት የታዛቢነት ወንበር ለምን አይጠይቅም?

ጥያቄው እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ራባት ላይ ተመሠረተ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጅዳ ነው፤ 57 አባል አገሮች አሉት። ሙስሊሞች አናሳ የሆኑባት ኡጋንዳ አባል ናት፤ ከብዙዎቹ አባላት የሚበልጥ የሙስሊም ቁጥር ያላት ኢትዮጵያ ግን አይደለችም። የታዛቢነት ወንበሩም ለመንግሥታት ብቻ የተተወ አይደለም። የደቡብ ፊሊፒንስ ሙስሊሞች ንቅናቄ የሆነው የሞሮ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ታዛቢ ሆኖ ተቀምጧል። በሩ አለ ማለት ነው።

እኛ ግን መጅሊሱ በዚያ በር መግባት የለበትም ባይ ነን።

አንደኛ፣ ቤቱ የመንግሥታት ቤት ነው። ስሙ እስላማዊ ቢሆንም በውሳኔዎቹ ላይ የሚነጋገሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ናቸው። ግብፅና ሱዳን አባላት ናቸው። በሕዳሴ ግድብ ጉዳይ የአረብ ሊግ ከእነርሱ ጎን ቆሞ መግለጫ ማውጣቱን እናስታውሳለን፤ የሊጉ አባላት በሙሉ ደግሞ የጅዳው ድርጅትም አባላት ናቸው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በቀረበ ቀን የእኛ ታዛቢ ምን ይላል? ዝም ቢል አገር ቤት ይጠየቃል። ቢናገር ደግሞ ማንም ያልመረጠው ዲፕሎማት ሆነ ማለት ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን እርሱ አይደለም፤ የአጋሮ ነጋዴ፣ የሊሙ ገበሬና የግቢያችን ተማሪ ነው። አባቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የወጡት «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ነን ለማለትም ጭምር ነው። ያን ስም መልሶ ለጥርጣሬ የሚያጋልጥ ወንበር አያስፈልገንም።

ሁለተኛ፣ የቫቲካኑ ምሳሌ እኛን አይመጥንም። እንደራሴው የሚወክለው ቅድስት መንበርን እንጂ የኢትዮጵያ ካቶሊኮችን አይደለም። እርሷም አምባሳደር የምትልክና የምትቀበል፣ ከመንግሥታት ጋር ውል የምትፈራረም አካል ናት። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1929 ከጣሊያን ጋር ባደረገችው ውል ከመንግሥታት ዓለማዊ ፉክክር ውጭ እንደምትሆን አስታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2004 በጠቅላላ ጉባኤው የመናገር መብቷ ቢሰፋም ድምፅ አትሰጥም። መጅሊሳችን መንግሥት አይደለም፤ መሆንም አይፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይደነግጋል። መንግሥት በመጅሊሳችን ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ስንጠቅሰው የኖርነውን አንቀጽ ለራሳችን ሲሆን ልንረሳው አይገባም።

ሦስተኛውና ዋናው የአማና ጉዳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይሁን ተብሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1207/2012 ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው፤ በ2017 ዓ.ም. ክረምትም ምርጫው በየመስጂዱ ተካሄደ። ይህ ሁሉ የተለፋበት ውክልና ለመስጂድና ለመድረሳ፣ ለሐጅና ለዘካ የተሰጠ ነው። ስለ ጅዳ ወንበር የተጠየቀ ጀማዓ የለም። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ጭነቱ የት እንደሚያርፍ ሳናሰላ ምሰሶ አናቆምም። ሹራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል።

«ግፍ ሲደርስብን ማን ይሰማናል?» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን በጅዳ ዞሮ የሚመጣ አቤቱታ አገር ቤት ሲደርስ የውጭ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በዜግነት የሚጠየቅ መብት በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ሲጠየቅ ይጸናል። ኢትዮጵያ አባልነቱ ይጠቅመኛል ካለች ደግሞ መንግሥት እንደ መንግሥት ያመልክት፤ እኛም እንደ ዜጋ እንከራከርበታለን።

ወንበር የለም ማለት ሥራ የለም ማለት አይደለም። የጅማ ልጆች ይህን ከቡናችን እናውቀዋለን። ለንደን ባለው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ድምፅ የሚሰጠው መንግሥት እንጂ የጎማና የማና ገበሬ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. በ34 ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ግን ለንደን ላይ ወንበር እስኪያገኝ አልጠበቀም። በጨረታ ሳያልፍ ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ የሚሸጥበትን ፈቃድ አግኝቶ ሥራውን ጀመረ።

መጅሊሱም እንዲሁ ይችላል። የእስልምና ልማት ባንክ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የትምህርት ዕድል መስጠት ከጀመረ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ለዚህ የታዛቢ ወንበር አይጠየቅም። ስለዚህ በየመስጂዳችን የመረጥናቸውን ሰዎች ስለ ጅዳ ሳይሆን ስለዚህ እንጠይቃቸው፦ እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ማስታወቂያው አጋሮና ሊሙ ገነት መድረሳዎች ይደርሳል ወይ? ካልደረሰስ ማን ያድርሰው? ለዚህ እኛ ተማሪዎች እግርም ጊዜም አለን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።