የጤና ዓምድ፦ ምጡ ስንት ሰዓት ጀመረ?



ቀንና ሰዓት መጻፍ ተምረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ትምህርት የእናትንና የሕፃንን ሕይወት እንዴት እንደሚያድን ነው።

አንዲት እናት ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትደርስ አዋላጇ ነርስ ከምትጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ምጡ ስንት ሰዓት ጀመረ?» ይዘዋት የመጡት ዘመዶች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ «ዶሮ ሲጮህ ነው» ይላል። ሌላዋ «ኧረ ከትናንት ማታ ነው!» ትላለች። አዋላጇ ግን ለወሬ አልጠየቀችም። ምጥ በጣም ሲረዝም ሕፃኑ ይታፈናል። የእናቲቱ ማኅፀንም ሊቀደድ ይችላል። ምጡ መቼ እንደጀመረ ያላወቀች አዋላጅ ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት አታውቅም።

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ገና ወጣቶች ነን። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይሆንብን ስለ ምጥ ለእናቶቻችን አናስተምርም። የምናወራው ስለ ቁጥር ነው።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተወለዱት 5 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሱ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን በሩ ድረስ መሄድ ብቻውን አያድንም። ከበሩ ወዲያ የሚሠራው ሥራ ጥራት ሊኖረው ይገባል። ጥራት የሚመጣው እንዴት ነው? ባለሙያዎች የሚሠሩትን ሲጽፉ፣ የጻፉትን ሲቆጥሩ፣ ከቆጠሩትም ሲማሩ ነው።

አንድ የቆየ ታሪክ እንንገራችሁ። በአውሮፓ በቪየና ከተማ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ነበር። ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንዱ ሐኪሞች፣ በሌላው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል የሚወልዱ እናቶች በትኩሳት አብዝተው ይሞቱ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም መዝገቡን ይዞ ቆጠረ፤ አነጻጸረ። ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው እንደሚያዋልዱ ተገነዘበ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1847 ክሎሪን ባለበት ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አዘዘ። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር። በጁን ወር የሞቱት 2 ያህል ብቻ ናቸው። እጅ መታጠብ ነው ያዳናቸው። መታጠብ እንደሚያስፈልግ ያሳየው ግን የተጻፈው ቁጥር ነው።

ዛሬም አዋላጅ እየጻፈች ትሠራለች። ፓርቶግራፍ የሚባል ወረቀት አለ። አዋላጇ የሕፃኑን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ቆጥራ በዚህ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። የማኅፀኑ በር ምን ያህል እንደተከፈተም ምልክት ታደርጋለች። በወረቀቱ ላይ የማስጠንቀቂያ መስመር ተሰምሯል። ይህን መስመር ያወጡት ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1972 ነው። ምልክቱ መስመሩን ካለፈ ምጡ ዘግይቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ አዋላጇ እናቲቱን ወደ ሆስፒታል ለመላክ ትዘጋጃለች። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላም ሰዓት ይቆጠራል። ካልተነፈሰ ታደርቀዋለች፤ ጀርባውን ታሻሸዋለች። አሁንም እንቢ ካለ በ1 ደቂቃ ውስጥ በአየር መስጫ ታስተነፍሰዋለች።

ከእኛው ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በጉራጌ ምድር፣ በወልቂጤ አቅራቢያ የአጣጥ ሆስፒታል አለ። ሆስፒታሉ የእናቶች ማቆያ ቤት ሠራ። ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም አደጋ የሚያሰጋት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ መጥታ እዚያ ትቆያለች። ምጥ ሲይዛት ሐኪም አጠገቧ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ድረስ የነበረው የ22 ዓመት መዝገብ ተቆጥሯል። ማቆያው ውስጥ ከቆዩት እናቶች ከ1,000 ወሊዶች 18 ያህል ሕፃናት ሞተው ተወለዱ። ሳይቆዩ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,000 ወሊዶች 191 ሕፃናት ሞተው ተወለዱ። እርግጥ ነው፣ ምጥ ሲከፋባት ብቻ የምትመጣ እናት ከመጀመሪያውም አደጋ ላይ ናት። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ቤቱ ነው ማለት አይቻልም። መዘግየት ግን ምን እንደሚያስከፍል መዝገቡ ይናገራል።

እናት ወይም ሕፃን ሲሞትስ? በ2005 ዓ.ም. በአገራችን የእናቶች ሞት መከታተያና ምላሽ መስጫ ሥርዓት ተጀመረ። በኋላም የጨቅላ ሕፃናት ሞት ተጨመረበት። ሞት ሲደርስ ባለሙያዎች ተሰብስበው ይመረምራሉ። ቤተሰብም ይጠየቃል። ጥያቄው «ማን ገደላት?» አይደለም። ጥያቄው «የት ዘገየን?» ነው።

መዘግየት 3 ዓይነት ነው።

አንደኛው በቤት ውስጥ ነው። ባል እስኪመጣ፣ አማት እስኪፈቅዱ፣ ገንዘብ እስኪገኝ እየተባለ ጊዜ ያልፋል።

ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው። ከሐይቁ ደሴት የምትመጣ እናት ጀልባ ትጠብቃለች። ከገጠር ቀበሌ የምትመጣዋ ጋሪ ወይም ባጃጅ ትፈልጋለች።

ሦስተኛው በጤና ተቋሙ ውስጥ ነው። ደም የለም፤ መድኃኒት አልቋል፤ ባለሙያው አልተገኘም ይባላል።

ታዲያ ባለሙያዎቹ ወደ ቤታችሁ መጥተው ሲጠይቁ ምንም ሳትደብቁ ተናገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለም? በቤት የዘገየውንም፣ በጤና ተቋሙ የዘገየውንም ንገሯቸው። የተጻፈ ሞት ትምህርት ይሆናል። ያልተጻፈ ሞት ይደገማል።

አሁን እርሳስ አንሱ። እናንተ የምትጽፉት የሚከተለውን ነው።

1. የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት ቀን። በዚህ ቀን ላይ 9 ወርና 10 ቀን ጨምሩ። መስከረም 1 ቀን ያየች ሴት ሰኔ 11 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ጳጉሜ በመካከል ከገባ 9 ወርና 5 ቀን ብቻ ይጨመራል። ጥር 5 ቀን ያየች ሴት ጥቅምት 10 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች 4 ቀን ጨምሩ። ቀኑ ሊቀድምም ሊዘገይም ስለሚችል አስቀድማችሁ ተዘጋጁ።

2. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር። በግድግዳ ላይ ለጥፉት።

3. ምጡ የጀመረበት ሰዓት። «ዶሮ ሲጮህ» ብላችሁ አትጻፉ። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰም ሰዓቱን ጻፉ።

ቀን ሳትቆጥሩ ወዲያው የምትሄዱባቸው ምልክቶችም አሉ። ለነፍሰ ጡርና ለወላድ፦ ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ናቸው። በማኅፀን ያለው ሕፃን መንቀሳቀስ ካቆመም ወዲያው ሂዱ። ለተወለደ ሕፃን፦ አልጠባም ማለት፣ ትንፋሽ መቸገር፣ መቀዝቀዝ ወይም ማተኮስ፣ እትብቱ ቀልቶ መግል መያዝ ናቸው።

አዋላጇ ወረቀቷን ይዛ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ቁጥር ግን ያለው ከእናንተ ዘንድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ምጡ ስንት ሰዓት ጀመረ?» ብላ ስትጠይቅ ወረቀት የሚያወጣ ዘመድ ይኑር።

ለውይይት፦

ሀ. በሰፈራችሁ ነፍሰ ጡር ስትታመም ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ የሚወስነው ማን ነው? ያ ሰው ባይኖርስ?

ለ. ከመንደራችሁ እስከ ባቱ ሆስፒታል በሌሊት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጻፉት።

ሐ. ከ3ቱ መዘግየቶች በሰፈራችሁ የሚብሰው የትኛው ነው? ምን እናድርግ?

ቸር ሰንብቱ።