በረዶው ሳይሆን ምክራችሁ ነው የሚገድለው

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይማል፤ ታገሡኝ።

የአክስቴ ልጅ ከስንት ዓመት የካኩማ አቧራ በኋላ ኖርዌይ ገባ። ባለፈው ሳምንት መኖሪያህ ቫርዶ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አላርፍ ብሏል። «እምቢ በል!» «ኦስሎ ካልሆነ አትሂድ!» «ሰው የማይኖርበት በረዶ ላይ ሊጥሉህ ነው!» ከመካሪዎቹ ግማሹ እንደ እኔ ናይሮቢ ተቀምጦ ወረቀት የሚጠብቅ ነው። እምቢ ካለ ግን ቤቱን ራሱ ይፈልጋል፤ የቋንቋና የሥራ ሥልጠናውም ሊያመልጠው ይችላል። ያኔ ኪራዩን ማናችሁ ትከፍላላችሁ?

ሰው የማይኖርበት አላችሁ? ቫርዶ በኖርዌይ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ደሴት ላይ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። የከተማነት መብት ያገኘችው በ1789 ነው፤ አዲስ አበባ ገና ሳትታሰብ። እውነት ነው፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥምቀት ገደማ ፀሐይ አትወጣም። ባሕሩ ግን ከአትላንቲክ በሚመጣ ሞቃት ውኃ የተነሳ አይረጋም፤ በዚያ ጨለማ ጀልባ ይወጣል፣ ዓሣ ይገባል። ዓሣውን ያለ ጨው እንጨት ላይ ሰቅለው በነፋስ ያደርቁታል፣ እንደ እኛ ቋንጣ። እስከ ሩስያ አብዮት ድረስም የሩስያ ነጋዴዎች ዱቄት አምጥተው ዓሣ ይጭኑ ነበር።

ስደትን አያውቁም አትበሉ። በ1944 የሂትለር ጦር ሲያፈገፍግ የፊንማርክን አውራጃ አቃጠለ። 50 ሺህ ያህል ሰው በግድ ወደ ደቡብ ተጋዘ፤ 25 ሺህ ያህሉ በዋሻና በጎጆ ተደበቀ። ቫርዶም በቦምብና በእሳት ወደመች። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት «ቤት እስኪሠራ ቆዩ» ቢላቸው ብዙዎቹ አልሰሙም፤ ተመልሰው አመዱ ላይ ሠሩ።

መላእክት ናቸው አላልኩም። በ1617 የገና ዋዜማ ማዕበል 40 ያህል ዓሣ አጥማጆችን በላ። ከጥቂት ዓመት በኋላ «ማዕበሉን ያስነሱት ጠንቋዮች ናቸው» ተብሎ ሴቶች ተቃጠሉ። በዚያ ክፍለ ዘመን በፊንማርክ 91 ሰው በጥንቆላ ክስ ተገድሏል። ግን አልደበቁትም፤ በ2011 እዚያው ቫርዶ መታሰቢያ ቆመላቸው። እኛ የራሳችንን ሟቾች በስም ቆጥረን እናውቃለን?

ዛሬ ከተማዋ 2000 ሰው ገደማ ቀርቷታል። ከ1990 ጀምሮ ኮድ የተባለው ዓሣ በኮታ ሲታጠር፣ ኮታው ከጀልባው ጋር እየተሸጠ ከብዙ የባሕር ዳር መንደር ወጣ፤ ወጣቱም ተከተለው። ነገ አንዱ «ከተማችንን ያጠፋት ስደተኛ ነው» ቢለው፣ ወንድማችን ይህን ታሪክ አውቆ ይመልስለት።

ወንድሜ፣ ሂድ። በ1982 ከባሕር ሥር የተቆፈረ የመኪና መንገድ አለ፤ መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ነው። ቋንቋውን ያዝ፣ ሥራ ቅመስ፤ ካልተስማማህ ያኔ በራስህ እግር ትወጣለህ።

እናንተም ስትደውሉለት «በረዶው እንዴት ነው?» አትበሉት። «ቋንቋው የት ደረሰ?» በሉት።