ዕድሜው ያልተጻፈ ሯጭ

በዓለም የወጣቶች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና የአገራችን ስም በተነሣ ቁጥር ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1990 በቡልጋሪያ፣ በፕሎቭዲቭ ከተማ፣ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዳ ከሁለት ዓመት በኋላ በባርሴሎና የኦሎምፒክ ባለድል ሆነች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1992 በሴኡል የ5,000ውንም የ10,000ውንም ሜትር በአንድ ሻምፒዮና ጠቀለለ። ሰለሞን ባረጋ በ2016 በፖላንድ፣ በቢድጎሽች፣ የወጣቶቹን 5,000 ሜትር አሸንፎ፣ በ2021 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ አጠለቀ። መዲና ኢሳም በ2022 በካሊ፣ በ2024 በሊማ የ5,000 ሜትሩን ወርቅ ደግማ አመጣች። እንግዲህ ይህ ውድድር የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ወደ ታላቁ አደባባይ መግቢያው በር ነው።

በዚህ በር የሚያስገባው የመጀመሪያው መለኪያ ግን ሰዓት ሳይሆን ዕድሜ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ተወዳዳሪው ውድድሩ በሚደረግበት ዓመት፣ በፈረንጆች ዲሴምበር 31 ቀን፣ ከ16 ዓመት ያላነሰና ከ19 ያልበለጠ መሆን አለበት። ይህን ደንብ ይዘን እስቲ ወደ እብናት እንሂድ። ከማኅበራችን አባሎች ጥቂት የማይባሉት ከእብናት፣ ከፋርጣ፣ ከጋይንትና ከእስቴ የመጡ ስለሆኑ የምንለውን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

በእብናት ገጠር አንዲትን እናት «ልጅሽ መቼ ተወለደ?» ብላችሁ ብትጠይቋት ቀኑን አትስትም። «የተክለ ሃይማኖት ዕለት» ትላችኋለች። በ40 ቀኑ ክርስትና ያነሡትን ቄስ፣ የክርስትና አባቱን፣ በዕለቱ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ሳይቀር ትነግራችኋለች። ነገሩ የሚላላው ዓመቱ ላይ ነው። ዓመቱ ቁጥር የለውም፤ ዝናብ የቀረበት ነው፣ ወይም ምርጫ የተደረገበት ነው፣ ወይም አያቱ የሞቱበት ነው። ለእርሷ ይህ በቂ ነው፤ ለጎረቤቷም በቂ ነው። ለውድድሩ መዝጋቢ ግን በቂ አይደለም።

ዓመቱም ተገኘ እንበልና ሒሳቡን እንሥራው። እ.ኤ.አ. ለ2026ቱ የዩጂን ሻምፒዮና የሚበቃው በ2007 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ነው። የፈረንጆች 2007 የገባው በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ገብርኤል፣ በ19 የተወለደው ልጅ ዕድሜው አልፎበታል፤ በ24፣ በተክለ ሃይማኖት የተወለደው ጎረቤቱ ግን ይሮጣል። የአምስት ቀን ልዩነት! አንድ ጸሐፊ 7 ሊደምር ሲገባው 8 ቢደምር፣ ወይም 8 ሊደምር ሲገባው 7፣ ከልጁ ዕድሜ ላይ አንድ ሙሉ ዓመት ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ይህ በተንኮል ሳይሆን በመቸኮል ብቻ የሚደርስ ነው። ተንኮሉን ገና አልጀመርነውም።

ለመሆኑ መዝገቡ የት ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ልደት በክብር መዝገብ እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር። ያው ሕግ ግን በመጨረሻው ክፍሉ፣ የመዝገቡ ሥራ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ ይቆይ አለ። ቆየም። አዋጁ በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሕግ በወረቀት ላይ 56 ዓመት ሲተኛ አያት የልጅ ልጅ ታያለች። በዚያን ጊዜ ተወልዶ በደንቡ የተመዘገበ ሕፃን 16 ዓመት የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ2032 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ሻምፒዮናው የሚሄደው የገበሬ ልጅ ሁሉ ይህ መዝገብ ሳይከፈት የተወለደ ነው ማለት ነው።

ያልተጻፈ ዕድሜ ደግሞ እንደ ላስቲክ ነው፤ ሁሉም ወደፈለገው ይስበዋል። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ስትታጭ «18 ሞልቷታል» ይባልላታል፤ ሕጉ 18 ይላልና። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ስትል እንደገና ዓመት ይጨመርላታል። ወንድሟ ሯጭ ቢወጣው ደግሞ ከእርሱ ላይ ዓመት ይቀነሳል። በአንድ ጣራ ሥር ታናሺቱ ታላቅ፣ ታላቁ ታናሽ ሆነው ያድራሉ! ነገሩ ያስቃል፤ የልጅቱ ዕጣ ግን የሚያስቅ አይደለም። የወንድሙን ዕድሜ ማሳነስ በስፖርት ገጽ ላይ ወቀሳ ያስነሣል፤ የእኅቱን ዕድሜ ማብዛት ግን ድግስ ተደግሶበት፣ ጠጅ ተጠጥቶበት ያልፋል። በበኩላችን ሁለቱን ለይተን ማየት አንችልም፤ ያው አንድ ባዶ መዝገብ ነው።

«ድኻ ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ቀንሶ እንጀራ ቢያገኝ ማን ተጎዳ?» የሚሉን አሉ። የተጎዳው ሩቅ አይደለም። በዚህ ሻምፒዮና ከአንድ አገር በአንድ ዓይነት ውድድር የሚሰለፉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንድ የ22 ዓመት ጎልማሳ በ18 ዓመት ወረቀት ሲገባ፣ ኬንያዊውንና ጃፓናዊውን ከማግኘቱ አስቀድሞ የሚጥለው የገዛ አገሩን ልጅ ነው፤ ያውም በዕውነት 17 ዓመት የሆነውን፣ ጉልበቱ ገና ያልጠናውን። ያ ልጅ በወረዳ ውድድር ሦስት ጊዜ ተሸንፎ «ሩጫ አልተፈጠረልኝም» ብሎ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ማን እንዳሸነፈው ሳያውቅ ይቀራል። የድኻ ጠበቃ ነን የሚሉ ሰዎች የዚህን ድኻ ስም ሲያነሡ ሰምተን አናውቅም።

ሌሎች ደግሞ መሣሪያ ይፍረድ ይላሉ። በእግር ኳስ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ላሉት የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ አጥንት በኤም.አር.አይ. እንዲታይ አድርጓል። ነገር ግን የአንጓው አጥንት አንድ ጊዜ ከገጠመ በኋላ 19 ዓመቱን ከ22ቱ ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ ከ20 ዓመት በታች ለሆነው ውድድር ከመሣሪያው ይልቅ የእናትየዋ ቃል በጊዜው ቢጻፍ ይሻል ነበር።

እብናት በዓለም ጋዜጦች ስሟ የገነነው በ1977 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር በመጠለያው የነበሩት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች በመንግሥት ትእዛዝ እንዲበተኑ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ከዚያ ወሬ የቀረው ቁጥር ነው፤ ያውም ዘጋቢው ሁሉ የተለያየ የጻፈው ቁጥር። ከየት ቀበሌ እንደመጡ፣ ስንት ዓመታቸው እንደነበር በስም የተጻፈላቸው ስንቶቹ ናቸው? ያ ትውልድ ዛሬ ወላጅና አያት ነው። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከበለሳ ቆላ አፋፍ እስከ ጉና ግርጌ ድረስ ትምህርት ቤት በእግራቸው የሚመላለሱት ናቸው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ታቦርም ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩን እግዜር ሰጥቷል። ብዕሩ ነው የጎደለው።

እዚህ ላይ መምህራኖቻችንን እናነሣለን። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ ዕድሜውን ቁመቱን አይቶ የሚሞላው መምህር ነው፤ ያ ግምት ስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ማስረጃ ሆኖ ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር ይህም ግምት እንኳ ያልደረሰላቸው ልጆች አሉ። ልጁ ሲመለስ የሚጻፈው ዕድሜ የጠፉትን ዓመታት ለመሸፈን ተብሎ እንዳይቆረጥ መምህራን ይጠንቀቁ።

ተማሪ ምን ያድርግ ለሚሉን፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው ሲያስተምሩ እንደነበር እናስታውሳለን። እኛ ዓመት አልጠየቅንም፤ የክረምት ዕረፍታችንን ሁለት ሳምንት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዋጁ ያዛል፤ ያለፈውም ዘግይቶ ሊመዘገብ ይችላል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀበሌ የአገሩ ልጅ የሆነ ተማሪ ደብተር ይዞ ከእናቶቹ ጋር ይቀመጥ፤ የበዓሉን ቀን፣ የክርስትናውን ዕለት፣ ዓመቱን የሚያስታውሰውን ነገር ይጻፍ፤ ወደ ፈረንጅ ቁጥር መመለሱን በጥንቃቄ ይሥራ፤ ከዚያ ቤተሰቡን ይዞ የቀበሌው ክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ይሂድ። ሴት ልጆችን ይጀምር፤ የእነርሱ ጊዜ ያጥራልና።

ለዚህ ደብተርና መጠነኛ የመንገድ ገንዘብ ያስፈልጋል። ማኅበራችን የክረምቱ ፈተና ሳይደርስ አንድ ስብሰባ ይጥራ። ከእብናት የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ቀበሌያችሁን ጽፋችሁ ስማችሁን ከወዲሁ አስመዝግቡ።