ሽማግሌው ያስታርቃል፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

«ይህን ያህል ከደበደባት ለምን ጥላው አትሄድም?» ይህን ጥያቄ ጭሮም፣ ሂርናም፣ ገለምሶም ሰምቼዋለሁ። የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም፤ እውነትም ግራ ገብቶት ነው። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ጥያቄውን ልገልብጠው፦ ጥላው ብትሄድ ስንት ያስወጣታል?

እስቲ እናስላው። የምዕራብ ሐረርጌ ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከጫት፣ ከቡናና ከከብት ነው። ጫቱን ሴቷም ትለቅማለች፣ ታስራለች፣ መንገድ ዳር ተቀምጣ ትቸረችራለች። ዳጎስ ያለው ብር ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው በባል ኪስ ነው። ስትወጣ ይዛ የምትወጣው የለበሰችውንና ያዘለችውን ልጅ ነው። የአባቷ ቤትም ሁለት ሦስት ቀን ያሳድራትና «ልጆችሽን ለማን ጥለሽ?» ይላታል። ትመለሳለች። ሞኝ ሆና ሳይሆን ሒሳቡ አልወጣ ብሏት ነው።

ይህ የአንድ ሰፈር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ እርዳታ የጠየቁት ሩቡን እንኳ አይሞሉም። ከቀሩት አብዛኞቹ ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀምጠዋል።

ያው ጥናት አደጋው የት እንደሚበረታም ይጠቁማል፦ ባል አዘውትሮ የሚሰክርበት ቤት፣ ሚስቱ የት እንደዋለች ከማን ጋር እንዳወራች እየተከታተለ የሚቆጣጠርበት ቤት፣ እናቷ ስትደበደብ እያየች ያደገች ሴት። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚከሰሰው ጫት ነው፤ የባልን ጫት መቃም ከጥቃት ጋር የሚያያይዙ ጥናቶችም አሉ። ግን የሚቅም ሁሉ ሚስቱን አይመታም። ከሰዓት በርጫው ላይ ያለቀው ብር የማን ነበር? ማታ «የአስቤዛ ስጠኝ» ስትለው ምን ይመልሳል? ለእኔ የሱሱን ያህል የሚያሳስበኝ ገንዘቡን ማን እንደያዘው ነው።

አሁን ወደ ሽምግልናው፣ ወደ ጃርሱማው እንምጣ። እኔ ሽምግልናን አልንቅም። ቅርብ ነው፣ ፈጣን ነው፣ እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ የቀን ገቢና የትራንስፖርት ብር አይበላም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቅበት መንገድ ነው። እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷ «ለልጆችሽ ስትይ» ትባላለች፣ ይመረቃሉ፣ ይበተናል። የተጻፈ ነገር ስለሌለ ሦስተኛው ድብደባ እንደ መጀመሪያው ይታያል። ዋጋ የማያስከፍል ጥፋት ደግሞ ይደጋገማል፤ ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ሕጉ ከሽምግልናው ቀድሞ ሄዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ክፍተትም አለው፤ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚያውቀው ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ብቻ ነው። በመሬት በኩል የኦሮሚያ የገጠር መሬት ሕግ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲሆን ያዛል። ይህ ደብተር ለእሷ ከማንኛውም ምክር በላይ ነው፤ ብትሄድ ባዶ እጇን እንዳልሆነች ባልም ያውቃል።

ስለዚህ ሽማግሌዎቻችንን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አካል ከጎደለ ወይም ደም ከፈሰሰ ጉዳዩ የፖሊስና የሐኪም ነው፤ ከዚያ በፊት ዕርቅ የለም። ሁለተኛ፣ ስታስታርቁ ቀኑን፣ ጥፋቱንና ቢደግመው የሚሆነውን ጻፉ፤ አንዱ ቅጂ እሷ ጋ ይቅር። ሦስተኛ፣ ከመመረቃችሁ በፊት የመሬት ደብተሩን አስመጡና ስሟ መኖሩን አንብቡ።

የቀረው የእኛ ነው። በአዳማ የሴቶች ማረፊያ አለ፤ ከጭሮ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ሌሊት ልጅ አዝላ ለወጣች ሴት አይደርስላትም። ለለቅሶ ብር የሚያዋጣ አፎሻና እድር ግን በየሰፈሩ አለን። ሞታ ስትቀበር የምናወጣላትን ብር ጥቂቱን በሕይወት እያለች ለአንድ ሳምንት ማደሪያና ለትራንስፖርት ብናውለው ማንንም አያደኸይም።