ያልተመዘገበ ግብ

የጎንደርን ፒያሳ የሚያውቅ ሁሉ ጣሊያን የሠራቸውን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ያውቃል። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን ሕንጻዎቹ የቆሙበትን ሐሳብ ነው። የወራሪው የከተማ ፕላን የተነደፈው ነጩ ከ«አገሬው» ተለይቶ እንዲኖር ነበር። ይኸው የዘር አጥር በእግር ኳስ ሜዳም ታጥሮ እንደነበር ልብ ይሏል።

በወረራው ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) በአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያን የሚጫወቱት ለእነርሱ ብቻ በተለየ ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል ስም ተጭኖበታል። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነት ሕይወታቸውን የጀመሩት በዚህ አጥር ውስጥ ነው።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋቾች ከታላላቆቹ ሊጎች ተገልለው በ«ኔግሮ ሊግ» ይጫወቱ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ጆሽ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን አጥሩን ጥሶ የገባው ከሦስት ወራት በኋላ ነበር። አሜሪካ የጊብሰንን ውጤት በዋናው መዝገብ ያሰፈረችው እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሆን፣ መዝገቡ ሲከፈት በምት አማካይ ከሁሉም ቀዳሚ ሆኖ ተገኘ። ፍትሕ ዘገየ፤ ቢሆንም የሚቆጠር ነገር ተጽፎ ስለቆየ ሊመጣ ቻለ።

ይድነቃቸው የታጠረባቸውን አጥር በሌላው ላይ እንዲቆም አልፈቀዱም። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲወለድ፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ተሰናበተች። ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ስታነሣ፣ አምበሉ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ ላይ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። የፋሺስት ዘረኝነት የናቀው ልጅ የአገር አምበል ሆነ! ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው 1987 ኮንፌዴሬሽኑን በመሩበት ዘመን ሁሉ አፓርታይድን ያለ ዕረፍት ታግለዋል።

«ኳስ መዝናኛ ነው፤ ፖለቲካ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ፖለቲካውን ወደ ሜዳ ያስገባው ግን ዘር እየለየ አጥር ያጠረው ክፍል እንጂ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ተጫዋች አይደለም።

የይድነቃቸው ስም የተረፈው ተጫዋች፣ አሠልጣኝና መሪ ስለነበሩ ነው። ከጎናቸው የተሰለፉትን ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን በስም እንጠራለን? አሜሪካ የተበተነ ውጤት ከየጋዜጣው ለቅማ መዝገቧን ካቀናች እኛን የሚያግደን ምንድን ነው? የክለቦች ሰነድ፣ የድሮ ጋዜጣ፣ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለ ፎቶግራፍ የታሪክ ምንጭ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚያጡ የታሪክ ተማሪዎቻችን ከዚህ ይጀምሩ፤ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹም በራቸውን ይክፈቱላቸው። በአጥር ውስጥ የገባ ግብም ግብ ነው፤ ሳንጽፈው ብንቀር ግን ወራሪው ያጠረውን አጥር እኛው ራሳችን እየጠበቅን ነው።