ስሙን ግን አታፍርሱብን

የዛሬዋ ጥያቄ ቀላል ናት፤ ጉግል ሳታደርጉ መልሱ። «ፒያሳ» የሚለውን ስም በአዋጅ ያጸደቀው የትኛው መንግሥት ነው?

መልስ፦ ማንም አላጸደቀውም። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ «አደባባይ» ማለት ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ በቆየበት ጊዜ አራዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ባለቤቱ ተሸንፎ ሲወጣ ቃሉን ጥሎት ሄደ፤ እኛም «ና ዕቃህን ውሰድ» አላልንም። አምስት ዓመት ብቻ የቆየ እንግዳ፣ ያውም ያልተጠራ እንግዳ፣ የተወው ቃል ይኸው ከሰማንያ ዓመት በላይ ታክሲ ሲጭንበት ይውላል።

«አራዳ» ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው። የከተማው ትልቁ ገበያ የሚቆመው ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አራዳ ላይ ነበር። ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋና «መርካቶ» አለው። መርካቶም «ገበያ» ማለት ነው፤ ስለዚህ «መርካቶ ገበያ ሄጄ» የምትሉ ሁሉ «ገበያ ገበያ ሄጄ» እያላችሁ ነው። ገበያው ሲሄድ «አራዳ» የሚለው ቃል ግን አልተከተለውም። እዚያው ቀርቶ ሌላ ሥራ ያዘ፤ የሰው ጠባይ ሆነ። ነቃ ያለ፣ የማይሸወድ ሰው አራዳ ተባለ፤ ያልነቃው ደግሞ ፋራ። እስቲ ሌላ ሰፈር እንዲህ ያለ ማዕረግ ያገኘ ንገሩኝ። «አንተ በጣም ቦሌ ነህ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከተማችን በስም ጉዳይ ለባዕድ ቸር ናት። ለገሃር ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። ከጣቢያው ወደ ፒያሳ የሚያወጣው ጎዳና የእንግሊዙ ቸርችል ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያ ያለበት አደባባይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ነው፤ ሰውየው በነሐሴ 1958 ዓ.ም. አገራችንን ጎብኝተው ነበር። ሜክሲኮ አደባባይም አለን፤ እሱስ ይገባቸዋል፣ ጣሊያን ሲወረን በዓለም መንግሥታት ማኅበር ከእኛ ጋር የቆሙ ናቸውና። ከሁሉ የሚያስቀኝ ካዛንቺስ ነው። የመጨረሻዋ «ኢንቺስ» የአንድ የጣሊያን መሥሪያ ቤት ስም አህጽሮት ናት፤ መሥሪያ ቤቱ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ነበር። አንድ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቶ «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ!» ሲል፣ ሳያውቀው «የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ተቋም ልጅ ነኝ!» እያለ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለሣቅ ብቻ አይደለም። የባዕድ ስሞቹ ታፔላም ካርታም አላቸው። እኛ ራሳችን፣ ያለ ኮሚቴና ያለ ቃለ ጉባኤ ያወጣናቸው የሰፈር ስሞች ግን አብዛኞቹ ታፔላ ኖሯቸው አያውቅም። የተጻፉት ሰው አፍ ላይ ነው። ሰውየው ከሰፈሩ ሲነሣ ስሙም አብሮ ይነሣል። የዛሬው ጭንቀቴ ይኸው ነው።

እስቲ ፒያሳ ዙሪያ ያሉትን ስሞች እንደ መጽሐፍ እናንብባቸው።

ደጃች ውቤ ሰፈር አለ፤ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የተጠራ። ራስ መኮንን ድልድይ አለ፤ የሐረሩ ገዥ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት። እነዚህ ስሞች አዲስ አበባ እንዴት እንደተሠራች ይነግሩናል። ከተማዋ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ስትቆረቆር በንድፍ ወረቀት አልተጀመረችም። እያንዳንዱ መኳንንት ከነጭፍራው ድንኳን ተከለ፣ ድንኳኑ ቤት ሆነ፣ ቤቱ ሰፈር ሆነ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ነው፤ የዘመቻ ቃል ነው። ቀጥሎ ደግሞ የኋለኛውን ዘመን ተመልከቱ። ደጃች ውቤ ሰፈር የማታ ጭፈራው ሲደራበት «ውቤ በረሃ» ተባለ። በረሃ! የአንድ መኳንንት ስምና የአንድ ከተማ ሌሊት በሁለት ቃል።

ሠራተኛ ሰፈር አለ። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ የቤተ መንግሥቱ ባለ እጅ የሰፈረበት። ያን ጊዜ ባለ እጅ በስድብ ይጠራ በነበረበት አገር «ሠራተኛ» መባል ትልቅ ነገር ነው። አርመን ሰፈር አለ። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ እዚህ ከተማ መጥተው ማርሽ ነፉ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን የሕዝብ መዝሙራችንን ዜማ ደረሰ። ሀገር ፍቅር ቴአትርም አለ፤ ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። በ1927 ዓ.ም. ወረራው ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ስም ነው።

ሰባ ደረጃ አለ። እሪ በከንቱ አለ፤ ጩኸህ ጩኸህ የሚደርስልህ የለም ማለት ነው። የአንድን ሰፈር የጸጥታ ሁኔታ በሁለት ቃል የገለጸ የፖሊስ ሪፖርት አንብቤ አላውቅም። ዶሮ ማነቂያ ደግሞ አለ። ስለ ስሙ አመጣጥ ሦስት ሽማግሌ ብትጠይቁ አራት ታሪክ ይነግሯችኋል፤ አንደኛው ሐሳቡን ስለሚቀይር።

ሳስተምር የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ ነበር፤ የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱታላችሁ። «የሰፈራችሁን ስም ማን አወጣው? ቤት ሄዳችሁ ትልቅ ሰው ጠይቁ።» በማግስቱ ክፍሉ ጉባኤ ይሆን ነበር። የአንዱ አያት «ይኼ ደግሞ ትምህርት ነው?» ብለው ተቆጥተው፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩለት አድረዋል። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚያሸንፈው ልጅ ያን ቀን እጁን አውጥቶ አያወርድም። ታሪክ ንጉሥና ጦርነት ብቻ የሚመስለው ሕፃን፣ የእሱ አያት ደጅም ታሪክ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው።

ስሞቹ ብዙ ፈተና አልፈዋል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ቀበሌ መጣ። ሰፈር ቁጥር ሆነ። መታወቂያህ ላይ ቁጥር፣ የስኳር ወረፋ ላይ ቁጥር። በኋላም ቀበሌው ሄዶ ወረዳ መጣ፤ ቁጥሩም ተቀየረ። ሰው ግን «የት ነህ?» ሲባል ቁጥሩን ጠርቶ አያውቅም። «ዶሮ ማነቂያ»፣ «ሠራተኛ ሰፈር» ነበር የሚለው። ማዘጋጃንም አስቡት፤ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ሕንፃ። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ «ከተማ አስተዳደር» ነው የሚባለው፤ ለእኛ ግን ማዘጋጃ ነው። ቁጥርም አዋጅም ያላሸነፋቸው ስሞች ናቸው። ለምን? ነዋሪው እዚያው ስለነበረ።

በ2016 ዓ.ም. ግን ነዋሪው ተነሣ። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲጀምር ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ ሰዉ ወደየአቅጣጫው ሄደ። ቀጥሎም የካዛንቺስ ተራ ደረሰ።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ናፍቆት ሲበዛ ይዋሻል። ለስምንት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያ ሥር የሚደረደር ባልዲ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማይገባበት ቅያስ፤ ይኼ ቅርስ አይደለም፣ ችግር ነው። «ፒያሳዬ» እያሉ የሚያለቅሱ ብዙዎች አንድ ሌሊት እንኳ እዚያ አላደሩም፤ ማኪያቶ ጠጥተው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። የተሻለ ቤት ያገኘ እሰየው። ቅርሱና ማኅበራዊ ኑሮው የተበተነበትም ሰው አለ፤ የሱም ኀዘን እውነት ነው። ስለ ማፍረሱ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ከዚያ ሁሉ ያነሰ፣ ሲሚንቶ የማይፈጅ ነገር ነው። ቤቱ ፈረሰ እሺ፤ ስሙ ለምን አብሮ ይፈርሳል?

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ በቅርቡ ደወለልኝ። ሠፈሩ ከተነሣ ወዲህ የሚኖረው ከከተማው ዳር ነው። «ቲቸር፣ ልጄ የት ነው የተወለድከው አለኝ። ላሳየው ብዬ እሑድ ይዤው መጣሁ። ታክሲ ውስጥ ‹ዶሮ ማነቂያ ወራጅ አለ› ስል ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና ‹የት?› አለኝ።» ረዳቱ ልጅ እግር ነው፤ አይፈረድበትም። «ልጄ ቀና ብሎ ሲያየኝ የዋሸሁት መሰለኝ» አለኝ። ወዳጆቼ፣ የአዲስ አበባን እውነተኛ ካርታ የሚሠራው ረዳቱ ነው። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠራው ስም ይኖራል፤ የማይጠራው ይሞታል። የረዳቱ «የት?» ለእኔ የመቃብር ደወል ነው።

ዕድሩንም አስቡት። የሰፈሩ ሰው ወደ አራት አቅጣጫ ሄዶ እንኳ ዕድሩ በድሮ ስሙ ይጠራል። ሰው ሲሞት ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው ይደራረሳሉ። ቤቱም ደጁም የለም፤ አንድ ላይ ያቆያቸው ስሙ ነው። ሰነድ ላይም ስሙ ያስፈልጋል። ነገ የታሪክ ተማሪ መጥቶ «እሪ በከንቱ የት ነበር?» ቢል በጣታችን የምናሳየው ነገር ሊኖረን ይገባል።

ሌላው ክርክር «ስሞቹ ያሳፍራሉ፤ ለዘመናዊ ከተማ ዶሮ ማነቂያ ምን ይባላል?» የሚል ነው። እንዴ! ካዛንቺስ «የቤቶች ተቋም» ማለት መሆኑ ካላሳፈረን፣ የወራሪ ቃል ካላሳፈረን፣ የራሳችን ሰው ቀልድ ያሳፍረናል? ስም ሲያረጅ ትርጉሙ ይለሰልሳል፤ ፍቅር ብቻ ይቀራል።

ተስፋ የቆረጥኩ ግን እንዳይመስላችሁ፤ ይህ አካባቢ የሄደን መመለስ ያውቅበታል። የአፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ተመረቀ። ጣሊያን ሲገባ አንሥቶ ቀበረው። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ፤ አሁንም ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ፈረሱ ላይ ነው። የሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስም ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። የተመለሱት ለምን ይመስላችኋል? ሰው ቦታቸውን አልረሳም ነበራ። «እዚህ ነበር» የሚል አንደበት ነበር።

ስለዚህ የምለው ይኼ ነው። አዲሱ መንገድ ላይ የአውቶቡስ ፌርማታ ይሠራል አይደል? «ፌርማታ 4» ከማለት «ዶሮ ማነቂያ» በሉት። የእግረኛው መንገድ አምሯል፤ አንድ ክንድ የማትሞላ ድንጋይ ላይ «እዚህ ሠራተኛ ሰፈር ነበር» ብላችሁ ጻፉ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚሁ ፒያሳ ቆሟል፤ ለትልቁ ድል ይህን የመሰለ ቦታ የሰጠች ከተማ፣ ለትንንሾቹ ስሞች አንዳንድ ድንጋይ አትነፍግም። ወጪው ከአንድ የመንገድ መብራት አይበልጥም።

መንግሥት እስኪሰማ ደግሞ እኛ አለን። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ስትሉ በድሮው ስም ጥሩ፤ ረዳቱ «የት?» ካለ አስረዱት፣ ነገ እሱ ለሌላው ያስረዳል። ልጆቻችሁን የቤት ሥራውን ስጧቸው። እማማና ጋሼ ያላችሁ፣ ዛሬ ደውሉ፤ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜ እንደ ሰባ ደረጃ አይደለም፤ አንዴ ከወረዱ አይወጡትም።

ኑ እንግዲህ፣ የቤት ሥራው እዚሁ ይጀመር። ከታች የሰፈራችሁን የድሮ ስም፣ ማን እንዳወጣውና ለምን እንደተባለ ጻፉልኝ። የምትጣሉ በትሕትና ተጣሉ። ነገ ደግሞ የመጀመሪያውን የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ለምን «ሰይጣን ቤት» እንዳለው እናወጋለን። መልካም ቀን!