የባሕር ሸሹ ሣር ዕረፍት ይሰጠው

ክረምት ሲወጣ ጣና ቀስ እያለ ወደ ኋላው ይሸሻል። ለቆት የሄደውን መሬት የአካባቢው ገበሬ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ርጥበት ባልተለየው ጥቁር አፈር ላይ ሣር ይበቅላል፤ የፎገራ ከብት ይሰማራበታል፤ የግብፅ ዝይም በመንጋ እየወረደ ይግጠዋል።

ዝይ እንደ በግ ሣር ጋጭ ነው። የመንቆሩ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርሳም ስለሆነ ለጋውን ቅጠል ከሥሩ አስጠግቶ ይቆርጠዋል። ግን አያመሰኳም፤ የበላው ፈጥኖ ስለሚያልፍ ገለባ የሆነ ሣር አይጠቅመውም። ላም ረጅሙን ከበላች በኋላ የሚያቆጠቁጠው አጭር ሣር ለእሱ ነው። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ተስማምተው የሚውሉት ግን ሣሩ ለማገገም ጊዜ ካገኘ ነው።

አሁን ያ ጊዜ የለም። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጣና ዳር ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ የተስፋፋው ሩዝ ብዙ ቤተሰብ ከችግር አውጥቷል፤ ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይገባም። ዋጋውን የከፈለው ግን ግጦሹ ነው። ሩዙ ሲነሣ ጓያ ይዘራበታል፤ ከብቱም የሩዝ ገለባ ጠባቂ ሆኗል። ከእርሻ በተረፈው ሜዳ ላይ ደግሞ ከብት የማይደፍረው እሾሃሙ አሜኬላ ተዛምቷል። በ2004 ዓ.ም. በጣና የታየው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም ውኃው ሲሸሽ ዳር ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ሥሩ ያለውን ሣር ያፍነዋል።

የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ከብት ዝርያ ለማቆየት ብዙ ደክሟል። ዝርያው የተፈጠረበት ሜዳ ካለቀ ግን በማዕከል ውስጥ የቀረው መንጋ ብቻውን ምን ይሆናል? ዩኔስኮም ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ትልቅ ነገር ነው። ከብቱ በየትኛው ሳምንት ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ግን የቀበሌው ሰው ነው።

ግጦሽን በጋራ ወስኖ የማሳረፍ ልምድ የአማራ ክልል አለው። መንዝ ላይ ያሉ አባቶች ጓሳ የተባለውን የጋራ ሜዳ ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ በጋራ ስምምነት ከፍተው፣ ያጠፋውን ቀጥተው ለዘመናት አቆይተውታል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ዛሬም እዚያ ይኖራል። ጣና ዳር በየዓመቱ በጎርፍ ስለሚታደስ ዓመታት መዝጋት አያስፈልገውም፤ ሳምንታት ይበቁታል። ሜዳውን ሦስት ወይም አራት ቦታ ከፍሎ፣ አንዱ ሲጋጥ ሌሎቹን ማሳረፍ፣ አፈሩ ሳይገለጥ ከብቱን ማስወጣት ነው ሥራው።

ሣርን የማሳረፉ ሕግ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ዝይ ለማርባት የሚያስቡትንም ይመለከታል። መጀመሪያ ገበያውን ይመርምሩ፤ የኦርቶዶክስ ምእመን በልማድ የዝይ ሥጋ አይበላም። ሐይቁ ዳር መልቀቅም ትክክል አይደለም። ጣና ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች የሚከርሙበት በመሆኑ የወፍ ጉንፋን ከዱር ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ዱር ሊሻገር ይችላል። በአጥር ተከፋፍሎ በፈረቃ በሚጋጥ የግቢ ሣር ላይ ጥቂቶችን መያዝ ይሻላል።

የባሕር ሸሹን ድንበር የማካለሉ ሥራ ውኃው ሳይሸሽ፣ በመስከረም ማለቅ አለበት። መሬቱ ብቅ ካለ በኋላ ከስብሰባው ማረሻው ይቀድማል።